በጋሞ ዞን ዳገታማና ጭቃማ መንገዶች ላይ የተሽከርካሪ ኤሌክትሪክ ዊንች አጠቃቀምና ጥገና፦ የኃይል ስሌትና የደኅንነት ትንተና

መግቢያ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ባልሞላ ርቀት ውስጥ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ከ2,600 ሜትር በላይ ይወጣል። በአካባቢው ዝናብ የሚበረታው በሚያዝያና በግንቦት፣ ቀጥሎም በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ ተመራማሪዎችን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎችን የሚያመላልሱ የመስክ ተሽከርካሪዎች በእነዚህ ወራት በጭቃ መያዛቸው የተለመደ ነው። በተሽከርካሪው ፊት የተገጠመው ዊንች በአብዛኛው ብቸኛው መውጫ ቢሆንም፣ አሠራሩን ሳያውቁ መጠቀም ሕይወትን እስከ ማሳጣት ያደርሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዊንቹ ላይ የተጻፈው የመጎተት አቅምና በተግባር የሚገኘው ኃይል ለምን እንደሚለያዩ ማስላት፣ ከዚህም የሚከተሉትን የአጠቃቀምና የጥገና ደንቦች ማመልከት ነው።

የኃይል ስሌት

ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሽከርካሪ በ15 ዲግሪ ዳገት ላይ ጎማው በጭቃ ተውጧል እንበል። በተሽከርካሪ ማውጣት ሥራ በሚሠራበት ግምት መሠረት፣ ጭቃው በጎማው ልክ ሲሆን የሚፈጥረው ተቃውሞ ከተሽከርካሪው ክብደት ጋር ይስተካከላል፤ ፓራፋንጎው ድረስ ሲደርስ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። በመጀመሪያው ሁኔታ 3,000 ኪሎ ግራም ላይ የዳገቱ ድርሻ (3,000 × 0.26 = 780) ሲደመር የሚያስፈልገው ጉተታ 3,780 ኪሎ ግራም ነው።

በመስክ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገጠመው ባለ 9,500 ፓውንድ ዊንች 4,300 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚጎትት በቂ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ አኃዝ የሚሠራው ገመዱ በድራሙ ላይ አንድ ንብብር ብቻ ሲኖረው ነው። ገመዱ በተደራረበ ቁጥር ውጤታማው ስፋት ስለሚያድግ የመጎተት ኃይሉ ይቀንሳል። የድራሙ ስፋት 64 ሚሊ ሜትር፣ የገመዱ ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ውጤታማው ስፋት በመጀመሪያው ንብብር 72፣ በአራተኛው 120 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በአራተኛው ንብብር የሚገኘው ኃይል 60 በመቶው፣ ማለትም 2,580 ኪሎ ግራም ነው። ከሚፈለገው በ1,200 ኪሎ ግራም ያንሳል።

መፍትሔው መዘውር ነው። ገመዱ በዛፍ ላይ በታሰረ መዘውር ዞሮ ወደ ተሽከርካሪው ሲመለስ ጭነቱ ለሁለት ይከፈላል። የመዘውሩ የሰበቃ ብክነት 10 በመቶ ቢታሰብ እንኳ ዊንቹ የሚሸከመው 2,000 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ተጨማሪ ገመድ ስለሚፈታም ንብብሩ ያንሳል። ማሰሪያውና ሻክሉ ግን ሙሉውን 3,780 ኪሎ ግራም መቻል አለባቸው።

ኤሌክትሪክና ሙቀት

ባለ 12 ቮልት ዊንች ሙሉ ጭነት ሲደርስበት እስከ 400 አምፔር ይስባል። ዲናሞው የሚያመነጨው ከዚህ በእጅጉ ስለሚያንስ ቀሪው ከባትሪ ይወጣል። በመሆኑም ሞተሩ እየሠራ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጎትቶ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ሲያጣ፣ የዊንቹ የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ምክንያት የመጎተት ኃይሉ አይቀንስም፤ ነገር ግን ሣሣ ያለ አየር የማቀዝቀዝ አቅሙ ዝቅተኛ ስለሆነ በጨንቻ ከፍታ የዕረፍቱ ጊዜ ሊረዝም ይገባል።

ሰውና መልሕቅ

የተወጠረ የብረት ገመድ ሲበጠስ የያዘውን ኃይል በቅጽበት ይለቃል። ስለዚህ በገመዱ መካከል ከባድ ብርድ ልብስ ወይም ካፖርት መጣል፣ ኮፈኑን መክፈት፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት ማድረግ፣ በገመዱ ላይ አለመሻገር፣ በድራሙ ላይም ቢያንስ አምስት ዙር ማስቀረት ግዴታ ነው። ገመዱን በራሱ ላይ አዙሮ መንጠቆ ማስያዝም ክሮቹን ይሰብራል።

በጋሞ መንደሮች መኪና ሲያዝ ሕዝቡ ለመርዳት ይሰበሰባል። ይህ ደግነት በሥርዓት ካልተመራ አደጋ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በአጎራባቹ የጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ብዙ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከዚህ የምንማረው በረጠበ ዳገት ላይ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሬቱን መመርመርና ሰዉን ማራቅ እንደሚቀድም ነው። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ከመንደሩ የሚከበር አንድ ሽማግሌም ሕዝቡን ከገመዱ ርዝመት አርቀው እንዲያቆሙ ይለመኑ።

በጋሞ ደጋ በማኅበረሰቡ የሚከበሩ የተቀደሱ ደኖች ስላሉ ዛፍን መልሕቅ ከማድረግ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። በሚፈቀደውም ዛፍ ላይ ልጡ እንዳይላጥ ሰፊ ማሰሪያ ከግንዱ ሥር መጠቅለል ያስፈልጋል። ዛፍ በሌለበት የነጭ ሣር ሜዳ ስኮርታ ጎማን በጥልቅ ጉድጓድ ቀብሮ መጠቀም ይቻላል።

ጥገና

የባትሪ ገመድ መጋጠሚያ ላልቶ 0.005 ኦም ተቃውሞ ቢፈጥር፣ በ400 አምፔር 2 ቮልት ይባክናል፤ 800 ዋትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ መጋጠሚያውን ለማቅለጥ ይበቃል። ስለዚህ መጋጠሚያዎችን ማጽዳትና ማጥበቅ የመጀመሪያው የጥገና ተግባር ነው። ከጭቃ ሥራ በኋላ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ የተሰበሩ ክሮችን መፈተሽ፣ በመጠነኛ ውጥረትም መልሶ መጠቅለል ይገባል። ሰው ሠራሽ ገመድ ከቆላው ፀሐይ በሽፋን መጠበቅ አለበት።

ማጠቃለያ

ስሌቱ እንደሚያሳየው፣ ያለ መዘውር የቀረበ ዊንች በተለመደ የጭቃ ሁኔታ እንኳ ሊያንስ ይችላል። ለመስክ ጥናት የሚወጣ ተሽከርካሪ መዘውር፣ ሰፊ ማሰሪያ፣ ሻክልና ጓንት ሳይዝ እንዳይንቀሳቀስ፣ ሾፌርና ረዳቱም ከዝናቡ ወራት በፊት የተግባር ሥልጠና እንዲወስዱ ይመከራል። በዞኑ የአፈር ዓይነቶች ላይ የሚካሄድ የጉተታ ልኬት ደግሞ እዚህ የተወሰደውን ግምት በአካባቢያዊ መረጃ ለመተካት ያስችላል።