አሮጌውን መስኮት ከመንቀልህ በፊት

ልጄ፣ ለንደን ውስጥ በቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ቤት ገዝተሃል፤ እንኳን ደስ ያለህ። ብርዱ ሲገባ ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ መጋረጃህን ያወዛውዛል፣ መስታወቱም ጠዋት ጠዋት ያልበዋል። የምታማክረው ወዳጅ ሁሉ «ነቅለህ ፕላስቲክ አስገባበት» ይልሃል። እኔ ዕድሜዬን ከእንጨት ጋር ያሳለፍኩ አናጺ ነኝና ሌላ እነግርሃለሁ፦ የመጠገኛውን ዋጋ ሳታውቅ በመስኮትህ ላይ አትፍረድ።

1. የያዝከውን ዕቃ እወቅ። እንግሊዞቹ ሳሽ የሚሉት ይህ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መስኮት ሁለት ክፈፎች አሉት። በግራና በቀኝ ያለው መቃን ውስጡ ባዶ ሳጥን ነው። በውስጡ የብረት ክብደቶች በገመድ ተንጠልጥለዋል፤ ገመዱ በመዘውር ላይ ዞሮ ክፈፉን ይይዘዋል። ክብደቱና ክፈፉ ስለሚመጣጠኑ ከባዱ መስኮት በአንድ እጅ ይከፈታል። ገመዱ ቢበጠስ ገመዱ ብቻ ይለወጣል፤ አንድ መስታወት ቢሰበር እሱ ብቻ ይተካል። የሠሩት ሰዎች ሲያበጁት ወደፊት ተፈትቶ እንዲጠገን አስበው ነው።

እንጨቱን ደግሞ አትናቀው። አብዛኛው ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ አገሮች በመርከብ የመጣ፣ በብርድ አገር ቀስ ብሎ ያደገ ፓይን የሚባል ዛፍ ነው፤ የዕድሜ ቀለበቶቹ የተጠጋጉ፣ ሙጫ የጠገበ። ዛሬ ከእንጨት መደብር የምትገዛው ግን ቶሎ አድጎ ቶሎ የተቆረጠ ነው። አያቶቻችን ለቤታቸው ምሰሶ ከባሕር ዛፍ ይልቅ የሐበሻ ጥድ ይመርጡ የነበረው ለምን እንደሆነ ካወቅህ፣ ይህም ይገባሃል።

2. ዕድሜውን ከቤቱ ግንባር አንብብ። ከ1666ቱ የለንደን ታላቅ ቃጠሎ በኋላ ፓርላማው እሳት በመስኮት እንጨት በኩል ከቤት ወደ ቤት እንዳይዛመት ሕግ አወጣ። በ1709 መስኮቱ ከግድግዳው ፊት 4 ኢንች ያህል ወደ ውስጥ እንዲገባ፣ በ1774 ደግሞ የመቃኑ ሳጥን ከጡቡ ጀርባ እንዲደበቅ ታዘዘ። በመስታወት ላይ የነበረው ቀረጥ በ1845፣ ከ1696 ጀምሮ ይከፈል የነበረው የመስኮት ግብር በ1851 ሲነሡ መስታወት ረከሰ። ብዙ ትናንሽ መስታወቶች የነበሩት መስኮት በሁለትና በአራት ትልልቅ መስታወቶች ተተካ። ትልቁ መስታወት ስለሚከብድ መጋጠሚያውን ለማጠንከር ከላይኛው ክፈፍ ጥግ ላይ እንደ ቀንድ የሚወጡ ትናንሽ ጉጦች ተጨመሩለት። ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድንሃል፤ ለመንገድህ የማይሆን መስኮት የሚሸጥልህን ነጋዴ በአንድ እይታ ትለየዋለህ።

3. መበስበሱን ራስህ ፈትሽ። «በስብሷል፣ አይሆንም» የሚልህ ሰው አዲሱን የሚሸጠው ራሱ ከሆነ፣ ካቻቪቴ ያዝና አንተው ውጋው። ብስባሽ የሚጀምረው ውሃ ከሚቆምበት ነው፦ ከደፉና ከታችኛው ክፈፍ የታች እንጨት። ካቻቪቴው ካልገባ እንጨቱ ጤነኛ ነው። ከገባም ያቺ ቦታ ተቆርጣ ደረቅ እንጨት ይጋጠምባታል፤ ይህ የማንኛውም ጥሩ አናጺ ሥራ ነው። ከታች አንድ ስንዝር ስለበሰበሰ ሙሉ መስኮት የጣሉ ብዙ ቤቶች አይቻለሁ፤ እጅግ ያሳዝነኛል።

4. ዋጋውን ጎን ለጎን ጻፈው። እንደ ሠራተኛው፣ እንደ ሰፈሩና እንደ መስኮቱ መጠን ይለያያል እንጂ፣ ለንደን ውስጥ አንዱን መስኮት አውርዶ፣ ገመዱን ለውጦ፣ የተበላሸውን ጠግኖ፣ የነፋስ መከላከያ ብሩሽ አስገብቶ ለመግጠም ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 900 ፓውንድ ይጠየቃል። አዲስ ባለ ድርብ መስታወት የእንጨት ሳሽ ከነመቃኑ ከ1,500 እስከ 3,000 ፓውንድ ይደርሳል። ፕላስቲኩ በመካከል ነው፤ ጥሩ የተባለው ከርካሹ የእንጨት ሳሽ ብዙም አይርቅም።

አሁን ቤትህ 8 መስኮት አለው እንበል። ጥገናው በ600 ሒሳብ 4,800 ፓውንድ ነው። አዲሱ በ2,000 ሒሳብ 16,000 ይሆናል። ልዩነቱ 11,200 ፓውንድ ነው። አዲሱ ከተጠገነው ይልቅ በዓመት 150 ፓውንድ የማሞቂያ ወጪ ቢያተርፍልህ እንኳ፣ ልዩነቱን ለመመለስ ከ74 ዓመት በላይ ይፈጃል። ይህን ሒሳብ ሻጩ አይሠራልህም።

ለጥገናው ቀለም መቀባትን ጨምር፤ ከ5 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ የውጩን ማደስ አለብህ። ይህን ችላ ካልክ ጥገናው ሁሉ ከንቱ ነው።

5. ብርዱ በዋነኛነት የሚገባው በስንጥቁ ነው። የግላስጎ ካሌዶንያን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለእንግሊዝ የቅርስ ተቋም በ2009 ባደረጉት ጥናት፣ አንድ አሮጌ ሳሽ ተጠግኖ የነፋስ መከላከያ ሲገባለት የሚያሾልከው አየር ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። ቤትህ የጥንቱ የእንጨት መዝጊያ ከውስጥ ካለው ማታ ማታ ዝጋው፤ በመስታወቱ የሚወጣውን ሙቀት ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። የአውቶቡስ ጩኸትም ካስቸገረህ ከውስጥ ሁለተኛ መስታወት አስገጥም። ሌላም ጥቅም አለ፦ የነፋስ መከላከያ ማስገጠም እስከ መጋቢት 2027 ከቫት ነጻ ነው፤ አዲስ መስኮት ግን 20 በመቶውን ይከፍላል። ዋጋ ሲሰጥህ ይህ በግልጽ እንዲጻፍ ጠይቅ።

6. ሕጉን ሳትጠይቅ መዶሻ አታንሣ። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ያለ ካውንስሉ ፈቃድ መስኮት መለወጥ የወንጀል ክስ ያመጣል። ጥበቃ በሚደረግለት ሰፈር ከሆንክ መጀመሪያ ካውንስሉን ጠይቅ። የገዛኸው ፍላት ከሆነ ደግሞ የሙሉ ቤት ባለቤቶች ያለ ፕላን ፈቃድ መስኮት ለመለወጥ ያላቸው መብት የለህም፤ መልኩ ወይም ዓይነቱ ለሚለወጥ መስኮት የፕላን ፈቃድ ያስፈልግሃል። የሊዝ ውልህንም አውጥተህ አንብብ፤ የመስኮቱ መቃን የሕንፃው ባለቤት ንብረት የሆነበት ውል ብዙ ነው። የራስህ ያልሆነውን በራስህ ገንዘብ ለውጠህ ካሳ ልትጠየቅ ትችላለህ። አዲስ መስኮት ያስገባ ሰው በሕግ የተጠየቀውን የሙቀት ደረጃ ማሟላቱን የሚያሳይ ፌንሳ ከሚባለው የመስኮት ገጣሚዎች መዝገብ ወይም ከካውንስል የተሰጠ ወረቀት መያዝ አለበት፤ ቤቱን ስትሸጥ የገዢው ጠበቃ ይጠይቅሃል። ያለውን መጠገን ይህን ወረቀት አይጠይቅም።

7. ድርብ መስታወት ዘላለማዊ አይደለም። የሁለቱ መስታወቶች ዙሪያ የታሸገበት ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ሊላላና መሐሉ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ መስታወቱ ይለወጣል። የፕላስቲኩ ማዕዘን ቢሰነጠቅ ግን እንደ እንጨት ቆርጠህ አትጋጥምም። በነባሩ ክፈፍ ላይ ድርብ መስታወት ማስገባት ከፈለግህ፣ ክፈፉ ይችለው እንደሆነና በሳጥኑ ውስጥ ያለው ክብደት መጨመሩን ጠይቅ፤ ካልተጨመረ መስኮቱ ከፍ ብሎ አይቆምም።

8. ልጆች ካሉህ ይህን አጥብቀህ ስማ። ከ1960ዎቹ በፊት የተቀባ እንጨት እርሳስ ያለበት ቀለም ሊኖረው ይችላል። በብርጭቆ ወረቀት ደረቁን አትፈግፍግ፣ በእሳት አታቃጥል። እርጥብ አድርገህ ፋቅ፣ ልጆችንና ነፍሰ ጡርን ከክፍሉ አርቅ፣ ፍርፋሪውን አጥራ።

9. መለወጥ የሚገባበትም ጊዜ አለ። የመቃኑ ሳጥን ከላይ እስከ ታች ከበሰበሰ፣ ወይም በ1970ዎቹ ርካሽ በሆነ እንጨት የተሠራ ከሆነ አትታገል። ያን ጊዜ በእንጨት ተካው። አኮያ የሚባለው በኬሚካል የታከመ እንጨት ከመሬት በላይ ሲሠራ አምራቹ የ50 ዓመት ዋስትና ይሰጥበታል፤ ዋጋው ውድ ቢሆንም እኔ እመርጠዋለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ ብርዱ ሳይመጣ፣ ቀለም በሚደርቅበት በግንቦትና በሰኔ ሥራውን ያዝ። ሁለት ጠጋኝና አንድ ሻጭ ጥራ፣ ከሦስቱም የተጻፈ ዋጋ ተቀበል፣ ጠጋኙ ከዚህ በፊት የሠራውን ቤት ሄደህ መስኮቱን በእጅህ ክፈትና ዝጋ። ከዚያ በፊት የማንንም ወረቀት አትፈርም።