የተተከለ ኩላሊት በምስል ስለ መመርመሩ

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከእኅታችን ኩላሊት ተለግሶት በደኅና ከቆየ በኋላ፣ አሁን በደሙ ውስጥ ያለው፣ ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ የሆነው የክሬያቲኒን መጠን ከፍ በማለቱ ሐኪሞቹ በመርፌ ናሙና እንውሰድ አሉት። ሰውነቱ ኩላሊቱን አልቀበልም ብሎ እንደ ሆነ በምስል ብቻ ማወቅ አይቻልምን?

መልስ፦ አምላክ ለወንድምዎ ፍጹም ጤና ይስጥልዎ። ሥጋን ሳይወጉ የውስጡን ምሥጢር መግለጥ የሊቃውንት የቆየ ምኞት ሲሆን፣ ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚገኘው አልትራሳውንድ የኩላሊቱን መጠን፣ የሽንት መውረጃውን መታገድና በዙሪያው የተጠራቀመውን ፈሳሽ፣ በዶፕለር ሲታገዝም የደም ሥሩን መጥበብ አጥርቶ ያሳያል፤ ነገር ግን በደሙ ፍሰት ላይ የሚታየው ለውጥ በመድኃኒት ጉዳትም ሆነ በሌላ ሕመም ጊዜ እንዲሁ የሚከሠት በመሆኑ፣ ሰውነት ኩላሊቱን ስለ መቃወሙ ብቻውን ሊመሰክር አይችልም።

ተቃውሞውን የሚያነሡት ነጭ የደም ሕዋሳት ብዙ ስኳር ስለሚስቡ፣ ጨረር የሚያመነጭ ስኳር በደም ሥር ሰጥቶ የተሰበሰቡበትን ስፍራ በፔት መሣሪያ መመልከት፣ በኤም አር አይም በኩላሊቱ ሥጋ ውስጥ የውሃውን እንቅስቃሴ መለካት ታላቅ ተስፋ የሚሰጡ ምርምሮች ናቸው። ሆኖም እስከ ዛሬ ፍርዱን የሚሰጠው፣ በ1991 እ.ኤ.አ. በካናዳ ባንፍ ከተማ በተጀመረው የተቃውሞ መለያ ሥርዐት መሠረት በማይክሮስኮፕ የሚመረመረው ናሙና ነው፤ ተቃውሞው የመጣው በሕዋሳት ወይስ በፀረ እንግዳ አካላት እንደ ሆነ የሚለየው፣ ሕክምናውንም የሚወስነው እርሱ ነውና።

መርፌው በአልትራሳውንድ ምስል እየተመራ ስለሚገባ፣ ብርቱ መድማት የሚያገኘው ከሕሙማኑ ጥቂቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ምርመራውን አያዘግይ፤ ተቃውሞውን የሚከላከለውን መድኃኒቱንም በገዛ ፈቃዱ ከቶ አያቋርጥ።