ለሰጋቱራ ነፋስ መውጫ፤ ስለ ራውተር የአቧራ ጫማ አመራረጥና አገጣጠም

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ለእጅ ሥራ እንግዳ አይደለም፤ ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው በጋይንት በኩል ነውና። ዛሬ ደግሞ በኮምፒዩተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጸው ሲኤንሲ ራውተር አንሶ ከአንዲት ክፍል ይገባል። ከመካከላችንም ትምህርቱን ሲፈጽም ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ የእንጨት ሥራ ቤት ለመክፈት የሚያስብ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ጓደኛችን ከመኪናው ፍጥነት አስቀድሞ ስለ አቧራው ማሰብ ይገባዋል።

ከመሬት የሚወድቀው ሰጋቱራ በመጥረጊያ ይጠረጋል። የሚጎዳው ዓይን የማያየው ደቃቁ ነው፤ ከ10 ማይክሮን የሚያንሰው በአየር ላይ ለብዙ ጊዜ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ እጅግ ደቃቁም እስከ ሳንባ ጥልቀት ይገባል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጽሑፍ የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መድቦታል። በደጋ አገር ስለ ብርዱ በር ተዘግቶ ሲሠራ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ አቧራንም መያዝ ከሚፈልቅበት ቦታ ነው። ለዚህ የተሠራው «የአቧራ ጫማ» ይባላል፤ ይኸውም መቁረጫውን ከቦ የሚይዝ፣ ዙሪያውን ብሩሽ የታሰረበት፣ ከመምጠጫ ቱቦ ጋር የሚገናኝ ቆብ ነው።

ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው ከሞተሩ አካል ላይ ታስሮ አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ ከፍ ሲል ብሩሹ ከእንጨቱ ይለያል። ስለዚህ ለፊደልና ለሐረግ ቅርጽ፣ ጥልቀቱ ለሚያንስ ሥራ ይስማማል። ሁለተኛው ከማይወርደው ክፍል ላይ ስለሚታሰር ብሩሹ ዘወትር እንጨቱን እንደነካ ይቆያል፤ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ በጥልቀት ለሚቆርጥ የሚመረጠው ይህ ነው።

ስለ ነፋሱ ደግሞ አውድማን እናስታውስ። እህል ሲዘራ ገለባው ከነፋስ ጋር ይሄዳል፤ ፍሬው ይወድቃል። በቱቦ ውስጥም ነፋሱ ከደከመ ከባዱ ሰጋቱራ ወድቆ ይደፍነዋል። ለእንጨት ሰጋቱራ የሚመከረው ፍጥነት በሴኮንድ 20 ሜትር ያህል ነው። ይህንንም ለማግኘት ስፋቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ በሰዓት 140 ሜትር ኩብ ያህል አየር ሲፈልግ፣ 100 ሚሊሜትር የሆነው 560 ያህል ይፈልጋል፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን አየሩ አራት እጥፍ ይሆናልና። እንግዲህ ጫማው የሚመረጠው በመምጠጫው አቅም ነው፤ አነስተኛ ቫኪዩም ያለው ሰው ሰፊ ቱቦ ቢገጥም ትርፉ መደፈን ነው።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የሞተሩ አካል በካሊፐር ይለካ፤ 65 እና 80 ሚሊሜትር የተለመዱ ናቸው። ቀለበቱ እንዳይንቀሳቀስ ይጥበቅ፤ ከልክ በላይ ቢጠብቅ ግን ኩሽኔታውን ይጎዳል። የታችኛው ክፍል በማግኔት ቢያያዝ መቁረጫ ሲለወጥ በቀላሉ ይነሣል። ከሞተር ጋር ለሚወርደው ዓይነት ብሩሹ ከሚቆረጠው ጥልቀት በላይ ይርዘም፤ ወደ መቁረጫው ግን አይጠጋ። ሞተሩ በራሱ ማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ወደ ታች የሚነፋው አየር ሰጋቱራውን ከጫማው እንዳያስወጣ የላይኛው ቀዳዳ በደንብ ይዘጋ። ቱቦው ከጣራ ይንጠልጠል፤ ክብደቱ መኪናውን ሊጎትት አይገባም።

ከዚያ መቁረጫው ሳይዞር ሞተሩን ወደ አራቱም ማዕዘን በቀስታ ወስዶ ጫማው ከእንጨቱ መያዣ ጋር እንደማይጋጭ መመልከት ነው። መምጠጫውን ከፍቶ የጥጥ ፈትል ወደ ብሩሹ ማስጠጋትም መልካም ፈተና ነው፤ ፈትሉ ወደ ውስጥ ከተሳበ ሥራው ሠምሯል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ መምጠጫው የተነፈሰውን ወደ ክፍሉ የሚመልስ ከሆነ ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ ተራ የጨርቅ ከረጢት ደቃቁን አያግደውም። ትንፋሹ ወደ ውጭ ይውጣ ወይም ጥሩ ማጣሪያ ይኑረው፤ የአፍንጫ መሸፈኛም አይቅር። ሥራ ቤት የሚከፍት ሰው ተለማማጅ ልጆች ይቀጥራል፤ የእነርሱ ሳንባ በእርሱ እጅ ነው። የተማረ ሰው ከሌላው የሚለየውም የማይታየውን ጉዳት አስቀድሞ በማየቱ ነው።