ኔትወርክ ሲመጣ ምን ላውርድ?

ጥያቄ፦ በአብደራፊ የሳይንስ መምህር ነኝ። ቤተ ሙከራ የለንም፤ ኔትወርኩም መጣ ሲሉት ይጠፋል። ለክፍል የሚረዳ ነገር ከኢንተርኔት ከየት ላግኝ?

መልስ፦ መምህር፣ ኔትወርኩን ክፍል ውስጥ ሆነው አይጠብቁት። ባገኙት ጊዜ አውርደው በፍላሽ ይያዙ። እኔ ብሆን በ«ፌት» እጀምራለሁ። የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ነፃ የሙከራ ማሳያ ነው፤ በአማርኛ የተተረጎሙም አሉት። አንዴ የወረደው ላፕቶፕ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ሰባ ተማሪ አንድ ስክሪን ከቦ አያይም። ስለዚህ ባትሪና ሁለት አምፖል በተከታታይ አገናኝተው፣ «አንዱን ብነቅለው ሌላው ይበራል?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ከዚያ ይንቀሉት፤ ሁለቱም ይጠፋሉ። በትይዩ ሲያገናኙት ግን የቀረው መብራቱን ይቀጥላል። ክርክሩ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ለራስዎ ንባብ «ኪዊክስ» ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል (የአማርኛው ክፍል ሳሳ ያለ ነው)። የአንደኛ ክፍል ባልደረቦችዎ ከ«አፍሪካን ስቶሪቡክ» የአማርኛ ተረቶችን በነፃ ያገኛሉ።

ቴሌግራም ላይ የሚዞሩትን መጻሕፍት ግን ይጠርጥሩ፤ የድሮውና የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተደባልቀዋል። ከመልስ ጋር የሚለቀቁ ፈተናዎችንም ራስዎ ሳይሠሩ ለተማሪ አይስጡ።