የቤተ ክርስቲያን አጸድ

ዛሬ የምናነበው ስለ ደቡብ ጎንደር ደኖች ነው።

አገሩን ከአውሮፕላን ብታዩት አብዛኛው እርሻ ነው። በመካከሉ ግን እዚህም እዚያም አረንጓዴ ክብ ይታያችኋል። ይህ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ ደን ነው፤ አጸድ ይባላል። ሌላው ደን ለእርሻና ለማገዶ ሲመነጠር ይኸኛው ተረፈ። ለምን? ሕዝቡ የቤተ ክርስቲያን ዛፍ መቁረጥን እንደ ድፍረት ስለሚያየው ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በ28 አብያተ ክርስቲያናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። ወይራ፣ ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ የመሳሰሉት የአገራችን ዛፎች እዚያ ይገኛሉ።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ከብት እየገባ ችግኙን ይበላል፣ ይረግጣል። ትልልቆቹ ዛፎች ሲያረጁ የሚተካቸው ይጠፋል። በእኔ ሙያ ቋንቋ፣ ወጪ አለ፤ ገቢ የለም ማለት ነው።

በአንዳንድ ደብሮች ካህናቱና ምዕመናኑ መላ አገኙ። ከየእርሻቸው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፤ ችግኙም ከከብት ዳነ።

ወላጆች፣ በምታውቁት ደብር ምን ምን ዛፍ እንደነበረ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ቃላት
አጸድ፦ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ የዛፍ ቦታ
ካብ፦ ድንጋይ በመደርደር የተሠራ አጥር

ጥያቄ
1. ካቡ ለማን ለማን ጠቀመ?
2. ከወላጆቻችሁ የሰማችሁትን የአንድ ዛፍ ስም ጻፉና ሥዕሉን ሥላችሁ ለቅዳሜ አምጡ።