የልጅ ጉልበት ሲያብጥ፦ ራጅ የሚያሳየውና የማያሳየው

የዛሬው የጤና ትምህርት በልጆች ጉልበት ላይ ስለሚወጣ እብጠት ነው።

ራጅ አጥንትን በደንብ ያሳያል። ውኃ የቋጠረ ከረጢትን ወይም ሥጋ ውስጥ የቀረ እሾህን ግን ብዙውን ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» ማለት «ጉልበቱ ደህና ነው» ማለት አይደለም።

አልትራሳውንድ አያምም፤ ጨረርም የለውም። እብጠቱ ውኃ ይሁን ጠጣር ይለያል፤ እሾህንም ሊያሳይ ይችላል። ከጉልበት በስተኋላ የሚወጣ የውኃ ቋጠሮ በልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይጠፋል። ጠጣር ሆኖ የሚያድግ እብጠት ግን ኤም.አር.አይ. እና የናሙና ምርመራ ሊያስፈልገው ይችላል።

በገዳሪፍ አካባቢ እንጨት ሲለቅሙ ወይም በእርሻ ሲውሉ ልጆችን እሾህ ይወጋቸዋል። ተሰብሮ የቀረ እሾህ መገጣጠሚያን ለወራት ሊያሳብጥ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቁስል የሚገባው ማይሴቶማ የሚባል በሽታም በሱዳን የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር መዝግቦታል። በአብዛኛው እግርን ይይዛል፤ ጉልበትንም ሊይዝ ይችላል። ሳያም ቀስ እያለ ያድጋል፤ ቆይቶ በቀዳዳ ጥቃቅን ፍሬ ያወጣል። አጥንት ውስጥ ከገባ እግር እስከ ማስቆረጥ ሊደርስ ይችላል።

ወላጆች ሆይ፦
– እሾህ ወግቶት ከነበረና እብጠቱ መቼ እንደጀመረ ለሐኪሙ ንገሩ።
– እብጠቱን በወጌሻ አታሳሹ፤ በምላጭም አትብጡ።
– ጉልበቱ ግሎ ልጁ ካተኮሰው ወይም መርገጥ ካቃተው ያንኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።