ከአያት የተቀበሉት ካብ

አባት ለልጁ የሚያወርሰው ከብትና መሬት በዓይን ይታያል፤ ያስተማረው ትምህርት ግን ካልሠሩበት ቶሎ ይረሳል። የኮንሶ ሰዎች የአያቶቻቸውን ትምህርት የጠበቁት እየሠሩበት ነው።

ኮንሶ በደቡብ ኢትዮጵያ ያለ፥ ተራራና ድንጋይ የበዛበት አገር ነው። ዝናቡ ጥቂት ነው፤ በመጣ ጊዜ ግን በኃይል ይወርዳልና አፈሩን ጠርጎ ወደ ቆላ ይወስደዋል። ስለዚህ የቀድሞ አባቶች ድንጋዩን ከማሳው ለቅመው፥ በተራራው ጎን እንደ ደረጃ አድርገው ካቡት። ይህም እርከን ይባላል። ካቡ ጭቃም ኖራም የለበትም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ጋራ ተገጣጥሞ ብቻ ይቆማል። አንዳንዱ ካብ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። አፈሩ በካቡ ይያዛል፤ የዝናቡም ውሃ በየደረጃው ቆሞ ማሽላውን ያጠጣል። የተረፈው ውሃ ደግሞ ማሳውን ሳያፈርስ እንዲወርድ መውጫ ተበጅቶለታል። መውጫ የሌለው ካብ ውሃ ሲሞላበት ይናዳልና፥ ከሥራው ሁሉ ብልሃት የሚሻው ይህ ነው።

ይህን ብልሃት ልጅ ከመጽሐፍ አላገኘውም። ከአባቱ ጋራ ወደ እርሻ ወርዶ መጀመሪያ ጠጠር ያቀብላል፤ ኋላም የትኛው ድንጋይ ከታች፥ የትኛው ከላይ እንደሚገባ በእጁ ይማራል። እንዲህ ሆኖ ሥራው ከ400 ዓመት በላይ፥ እስከ 21 ትውልድ ድረስ ቆየ። በ2003 ዓ. ም. ዩኔስኮ የኮንሶን አገር በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው።

የትውልዱም ቍጥር አይረሳም። ባህሉ እንደሚያዘው በየ18 ዓመቱ አዲስ ትውልድ ኃላፊነቱን ሲቀበል፥ በመንደሩ አደባባይ ረጅም ግንድ ይተከላል፤ ግንዶቹን የቈጠረ ሰው የመንደሩን ዕድሜ ያውቃል።

ግንዱ አንድ ጊዜ ከተተከለ ይቆማል፤ ካቡ ግን ጠባቂ ይሻል። አንድ ድንጋይ የወደቀ እንደ ሆነ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ያባቱን ትምህርት ረስቶ «ነገ እጠግነዋለሁ» የሚል ሰው ያልፈዋል፤ ኃይለኛ ዝናብም በመጣ ጊዜ ብዙ ዘመን የተጠራቀመው አፈር በአንድ ሌሊት ይሄዳል። ጥፋቱም በእርሱ ብቻ አይቀርም፤ ከበታቹ ያለው የጎረቤቱ ማሳ አብሮ ይናዳል። ስለዚህ ትጉህ ገበሬ ዝናቡ እንዳባራ እርከኑን ዞሮ ያያል፤ የወደቀ ድንጋይ ቢያገኝ አንሥቶ በስፍራው ይመልሰዋል፤ ልጁም ጠጠር ይዞ ከኋላው ይከተላል።